ስድስት ቋንቋ በሚነገርበት ሕንፃ ውስጥ ምልክት ሲሰቀል አማርኛው እንዳይበላሽ ምን እናድርግ?

ሰባተኛ_ፎቅ ጠየቀ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ጉዳዩ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ባለ 14 ፎቅ የኪራይ አፓርታማ ነው። በሕንፃው እንግሊዝኛ፣ ስፓኒሽ፣ አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ፈረንሳይኛና ቬትናምኛ ይነገራል። አስተዳደሩ የጋራ ቦታዎችን ምልክት በሙሉ ሊቀይር ስለሆነ የተከራዮች ማኅበሩ አማርኛውን አይቶ እንዲያርም ረቂቁን ልኮልናል። የሚቀየሩት የመኪና ማቆሚያው፣ የልብስ ማጠቢያ ክፍሉ፣ በየፎቁ ያለው የቆሻሻ መጣያ፣ ሊፍቱ አጠገብ የሚሰቀለው የእሳት አደጋ መመሪያና የጸጥታ ሰዓት ማሳሰቢያው ናቸው።

ረቂቁ ብዙ ችግር አለበት። የማጠቢያ ክፍሉ በር ላይ «ግፊት» ተብሏል። የቆሻሻ መጣያው ላይ በቃላቱ መሀል ባዶ አራት ማዕዘኖች ገብተዋል። «አይፈቀድም» የሚለው ቃል ለሁለት ተቆርጦ «አይ» ላይኛው መስመር ላይ ቀርቷል፣ «ፈቀድም» ታች ወርዷል። የጸጥታ ሰዓቱ «ከምሽቱ 10 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 7 ሰዓት» ይላል። የመኪና ማቆሚያው ሰሌዳ ላይ ደግሞ ስድስቱም ቋንቋ ተደርድሮ ፊደሉ ደቅቋል።

ሥራውን የምታውቁ ካላችሁ፣ ስለ ቃሉ፣ ስለ ፊደሉ፣ ስለ ሰዓቱና ስለ ቋንቋ ምርጫው ምን ብለን እንመልስላቸው? ወደ ማተሚያ ቤት የሚሄደው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።


ተርጓሚዋ መለሰች፦

ጤና ይስጥልን። ስሕተቱን አንድ በአንድ ማረም ከመጀመራችሁ በፊት እያንዳንዱ ሰሌዳ የሚሰቀልበትን ቦታ ፎቶ ጠይቁ። «ግፊት» የመጣው ቃሉ በሰንጠረዥ ውስጥ ብቻውን ተልኮ፣ በር ላይ እንደሚለጠፍ ለተርጓሚው (ወይም ለማሽኑ) ሳይነገር ስለቀረ ነው። በር ላይ ከሆነ «ይግፉ» እና «ይሳቡ» በቂ ነው። አገር ቤት «ግፋ» እና «ሳብ» የተለመደ ቢሆንም ሴቶችና አዛውንቶች በሚኖሩበት ሕንፃ የአክብሮቱ አነጋገር ይሻላል፤ የሚጨምረው አንድ ፊደል ብቻ ነው።

በአክብሮት አነጋገር ላይ ወጥ ሁኑ። ማሽን የተረጎመው ጽሑፍ በአንድ ሰሌዳ ላይ «እባክህ» ብሎ ጀምሮ «አድርጉ» ብሎ ይጨርሳል። እንዲህ ለዩት፦ ክልከላ ሲሆን ማንንም ሳይጠሩ «… ክልክል ነው»፤ ጥያቄ ወይም መመሪያ ሲሆን በአክብሮት፣ «ያጽዱ»፣ «ይደውሉ»፣ «ይውረዱ»። «ማጨስ ክልክል ነው»፣ «ቆሻሻ መጣል ክልክል ነው» ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ግድግዳ ላይ ሲያነበው የኖረ አባባል ነው፤ ዓይን ገና ሲያርፍበት ይገባል። «በዚህ አካባቢ የማጨስ ተግባር አይፈቀድም» ግን ቆሞ ማንበብን ይጠይቃል። እናንተ ያያችሁት የ«አይፈቀድም» መቆረጥም በዚሁ ይወገዳል። «ክልክል» እና «ነው» ለሁለት መስመር ቢከፈሉ እንኳ ትርጉሙ አይጠፋም፤ «አይ» ተቆርጦ ሲቀር ግን ክልከላውን የተሸከመው ፊደል ከቃሉ ተለይቶ ቀረ ማለት ነው።

አንዳንድ ቃላት ሲተረጎሙ ልክ ይመስላሉ፣ ቦታው ላይ ሲሰቀሉ ግን ሌላ ይሆናሉ። የመኪና ማቆሚያው ላይ «መቆም ክልክል ነው» ከተባለ ሰውም መቆም የለበትም ማለት ነው፤ «መኪና ማቆም ክልክል ነው» በሉ። «ተሽከርካሪዎ በራስዎ ወጪ ይጎተታል» ትርጉሙ ባይሳሳትም «ይጎተታል» ብቻውን የት እንደሚሄድ አይናገርም፤ «ያለ ፈቃድ የቆመ መኪና በባለቤቱ ወጪ ተጎትቶ ይወሰዳል» ይሻላል። የጽዳት ሠራተኛ የሚያቆመው ቢጫ ሰሌዳ ላይ «እርጥብ ወለል» ከማለት «ወለሉ ያዳልጣል» በሉ። የምታስጠነቅቁት መሬቱ ስለራሰ ሳይሆን ሰው ስለሚወድቅ ነው።

በእንግሊዝኛ ስሙ የሚታወቀውን ነገር በግድ አማርኛ አታድርጉት። ሊፍት ሊፍት ነው፤ «አሳንሰር» ብትሉት ያውቁታል፣ ግን ሰው ሲጣደፍ የሚያስበው ሊፍት ብሎ ነው። ቆሻሻ ወደ ታች የሚወርድበትን ቀዳዳ ብዙ ነዋሪ «ሹት» ይለዋል፤ አዲስ የመጣ ግን አይገባውም። ስለዚህ ሰሌዳው የተለጠፈው እላዩ ላይ ከሆነ ስሙን መጥራትም አያስፈልግም፣ «ካርቶን እዚህ አይጣልም» በቂ ነው። ማድረቂያው ላይ ደግሞ «ከመጠቀምዎ በፊት ማጣሪያውን ያውጡ፤ ብናኙን ያጽዱ» በሉ። «ማጣሪያውን ያጽዱ» ብቻ ካላችሁ ውሃ የሚያፈስበት ሰው አይጠፋም።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው። የጸጥታ ሰዓቱ የተተረጎመው በአሜሪካ አቆጣጠር የተጻፈውን ቁጥር ሳይነኩ «ከምሽቱ» እና «ጠዋቱ» በመጨመር ነው። በእኛ አቆጣጠር «ከምሽቱ 10 ሰዓት» የሚባል የለም፤ 10 ሰዓት ወይ ከቀኑ ነው ወይ ከሌሊቱ። በትክክል ቢተረጎም «ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት» ይሆን ነበር። ይኸኛው ቢያንስ ግራ ያጋባና ያስጠይቃል። የከፋው በሁለቱም አቆጣጠር ትርጉም የሚሰጠው ነው። ውሃ ከረፋዱ እስከ እኩለ ቀን ሊቋረጥ «ውሃ ከ9 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ይቋረጣል» ተብሎ ቢለጠፍ፣ ከአገር ቤት የመጡ እናት ከሰዓት በኋላ ከ9 እስከ 12 ነው ብለው ያስባሉ። ጠዋት ልብስ ዘፍዝፈው ሳለ ውሃው ይሄድባቸዋል።

የእኔ ምክር ይህ ነው። ቋሚ ሰሌዳ ላይ ሁለቱንም ጻፉ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለይታችሁ፦ «10:00 ፒኤም (በሐበሻ ሰዓት ምሽት 4)»። «ፒኤም» የሚለው ሰሌዳው ላይ በላቲን ፊደል ይሁን፣ ስልኩ ላይ የሚያየው እሱን ስለሆነ። ቀንም እንደዚሁ ነው። ጃንዋሪን «ጥር» ብላችሁ አትተርጉሙ። የጃንዋሪ የመጀመሪያው ሳምንት ገና ታኅሣሥ ነው፣ ዓመተ ምሕረቱም በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይለያል። «ጃንዋሪ 5» ብላችሁ ተዉት። በቁጥር ብቻ «3/4» ከተጻፈ አሜሪካኑ ማርች 4 ይለዋል፣ ብዙ ሐበሻ ግን 3ኛ ቀን፣ 4ኛ ወር ብሎ ያነበዋል። ሁልጊዜ የወሩ ስም ይጻፍ።

ፎቁም ያው ነው። እዚህ አገር ከመንገድ የሚገባበት ወለል አንደኛ ይባላል። አገር ቤት እሱ «ግራውንድ» ነው፣ አንደኛ ፎቅ ከእሱ በላይ ያለው ነው። «2ኛ ፎቅ» ሲባል አንዱ አንድ ደረጃ ይወጣል፣ ሌላው ሁለት። በዚያ ላይ ብዙ የአሜሪካ ሕንፃ 13ን ይዘላል። ስለዚህ የእሳት አደጋ መመሪያው ላይ «ሊፍቱ ላይ 2 የተባለው ፎቅ» በሉ። ሰው የሚያየው ቁጥር አዝራሩ ላይ ያለው ነው።


ሰሌዳ_ሠሪ መለሰ፦

ስለ ቃሉ እህቴ ጨርሳዋለች፤ እኔ ስለ ፊደሉና ስለ ሥራው ልጨምር።

ባዶ አራት ማዕዘን ማለት ንድፉን የሠራው ሰው ኮምፒዩተር ላይ የተመረጠው ፎንት የአማርኛ ፊደል የለውም ማለት ነው። ጽሑፉ ራሱ አልጠፋም፤ ፎንቱን ሲቀይሩት ይመጣል። በአማርኛ ፈንታ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ተደርድሮ ካያችሁ ግን ችግሩ ሌላ ነው። ጽሑፉ የተተየበው በድሮው የፓወር ግዕዝ ወይም የቪዥዋል ግዕዝ ዓይነት ኮድ ነው ማለት ነው። እነዚያ ፎንቶች የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደል ኮድ ላይ ያስቀምጡት ስለነበር፣ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት የሚታየው ላቲኑ ነው። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ (የሁሉም ቋንቋ ፊደል የጋራ የኮምፒዩተር ኮድ ነው) ከገባ፣ እ.ኤ.አ. ከ1999 ወዲህ ይህ መቅረት ነበረበት፤ ግን እስካሁን እንዲህ የሚልኩ አሉ። ፎንት ፍለጋ አትድከሙ፣ በዩኒኮድ እንደገና ይተየብ።

ለሰሌዳ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን ፎንት ምረጡ። በነፃ ይገኛል፣ ከቀጭን እስከ በጣም ወፍራም ብዙ ውፍረት አለው፣ ለላቲኑም ለቬትናምኛውም የኖቶ ወንድም ስላለው ሰሌዳው አንድ ወጥ ይሆናል። ከዊንዶውስ ጋር የመጣው ኒያላ ለወረቀት ያምራል፤ ቀጭኑ መስመር ግን ከሩቅ ይጠፋል። ውፍረቱን በተመለከተ፣ ብዙ ንድፍ ሠሪ «እንዲታይ» ብሎ በጣም ወፍራሙን ይመርጣል። ለላቲን ይሠራል፣ ለፊደላችን አይሠራም። ጨ፣ ጬ፣ ቼ የመሳሰሉት ውስጣቸው ተደፍኖ ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናሉ። መካከለኛው ወይም ከሱ አንድ ደረጃ የወፈረው ይበቃል። ከኋላ መብራት ባለው ሰሌዳ ላይ ነጭ ጽሑፍ ከሆነ ደግሞ ብርሃኑ ስለሚያሰፋው አንድ ደረጃ ቀጠን አድርጉት።

በቅርብ ተመልከቱት። «ቤት» የሚለውን ቃል ውሰዱ። «በ» ኃምስ ሲሆን ቀኝ እግሩ ላይ የምትታየው ቀለበት ናት «ቤ» የምታሰኘው፤ ሣልስ ሲሆን ወደ ጎን የወጣች ቀጥ ያለች መስመር ናት። ፊደሉ ትንሽ ሲሆን ወይም ቀለሙ ሲፈስ ቀለበቷ ትደፈንና «ቤት» «ቢት» ይሆናል። ካዕብም እንደዚሁ ነው፣ በጎን ያለችው ጭረት ከተነሳች «ሉ» «ለ» ሆኖ ይነበባል። በላቲን አንድ ፊደል ቢጎዳ ቃሉ ከቀሩት ይገመታል። በእኛ ግን ያቺ ጭረት አናባቢውን በሙሉ ስለምትሸከም ሌላ ቃል ይወጣል። ፊደሉ በማሽን ተቆርጦ በሚለጠፍ ቪኒል የሚሠራ ከሆነ ከ2 ሚሊ ሜትር የቀጠነ መስመር ሲላጥ አብሮ ይነሳል። በቆርቆሮ ወንፊት ቆርጦ ቀለም በመርጨት ከሆነ ደግሞ ወ፣ መ፣ ዐ፣ ፀ መሀላቸው ዝግ ስለሆነ ወንፊቱ ላይ ያቺ ደሴት ትወድቃለች፤ ማያያዣ ድልድይ ካልተተወላቸው ፊደሉ ድፍን ይሆናል። የመኪና ማቆሚያ ወለል ላይ የሚቀባ አማርኛ ካለ ይህን አስቀድማችሁ ንገሩ።

መጠኑ። የሰሌዳ ሠሪ ልማድ ለእያንዳንዱ 10 ጫማ ርቀት 1 ኢንች ቁመት ነው፣ ማለትም ለ3 ሜትር 25 ሚሊ ሜትር። ለአማርኛ ከዚያ ላይ ከ10 እስከ 15 በመቶ ጨምሩ፣ ምክንያቱም ዝርዝሩ እግሩና ቀለበቱ ላይ ነው ያለው። ስትለኩ የ«በ»ን ቁመት ለኩ እንጂ ፕሮግራሙ ላይ የሚታየውን የፊደል መጠን ቁጥር አትመኑ፤ በተመሳሳይ ቁጥር ሁለት ፎንት በቁመት ይለያያሉ። የመስመሮቹ ርቀት የፊደሉ 1.3 እጥፍ ይሁን። አማርኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለውም፣ ዘመም አድርጎ መጻፍም አያምርበትም። ስለዚህ በእንግሊዝኛው አርእስቱ በትልልቅ ፊደል ከተለየ፣ በአማርኛው በመጠንና በውፍረት ብቻ ይለይ። ቦታ ሲጠብ ንድፍ ሠሪው የሚያደርገው ፊደሉን ወደ ጎን መጭመቅ ነው። ቀለበቶቹን የሚገድላቸው ይህ ነው። ቦታ ከጠበበ ቃል ይቀነስ።

ሥርዓተ ነጥቡን እዩ። አራት ነጥብ መሆን ያለበት ሁለት የላቲን ኮለን ጎን ለጎን ተደርጎ ይመጣል። ስልክ ላይ አይታወቅም፣ 5 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ግን ነጥቦቹ ተራርቀው ያስቀይማል። በቃላት መሀል ሁለት ነጥብ አትጠቀሙ፤ ክፍተት ይበቃል። ንድፍ ሠሪው ቋንቋውን ስለማያውቅ መስመር የት እንደሚቆረጥ እናንተ ራሳችሁ በየመስመሩ ለይታችሁ ላኩለት።

አላላኩ እንዲህ ይሁን፦ ጽሑፉ በዩኒኮድ በአንድ ፋይል፤ ልክ እንዲህ መምሰል አለበት የሚል ምስል በሌላ ፋይል። ንድፍ ሠሪው አስገብቶ ሲጨርስ ፊደሉን ወደ ቅርጽ ቀይሮ (ከዚያ በኋላ ፎንት አይፈልግም) ወደ ማተሚያ ይላክ። ፊደላችን እንደ ዐረብኛ እርስ በርሱ ስለማይያያዝ አንዴ ቅርጽ ከሆነ በኋላ አይፈርስም። ለማረም ግን እንደገና ከዋናው መነሳት ስለሚያስፈልግ የመጨረሻው ንባብ ከዚህ በፊት ያልቅ። ስታነቡም በስክሪን ብቻ አትመኑ፤ አንዱን ሰሌዳ በልኩ በወረቀት አሳትሙና ግድግዳ ላይ ለጥፋችሁ ከሚነበብበት ርቀት ቁሙ።

ቁሳቁሱ እንደ ቦታው ይሁን። የውጭው የመኪና ማቆሚያ 12 በ18 ኢንች አሉሚኒየም፣ ብርሃን የሚመልስ ሽፋን ያለው። ለጊዜያዊ ማስታወቂያ ባለ ገመገም ፕላስቲክ 4 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ፀሐይ የሚያገኘው ላይ ዋናውን ጽሑፍ በቀይ አታድርጉ፣ የታተመ ቀይ ቶሎ ይገረጣል። ቀዩ ዳሩ ላይ ይሁን፣ ጽሑፉ ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ በነጭ ላይ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የክፍል ስም የሚጠቁሙት ሰሌዳዎች ላይ ያለውን ብሬይልና ጎላ ብሎ የወጣ የላቲን ፊደል አትንኩት፣ አማርኛውንም መሀሉ አታስገቡ። የአሜሪካ የተደራሽነት ደረጃ ጎላ ያለው ፊደል ከወለል ከ48 እስከ 60 ኢንች መሀል እንዲሆን ያዛል፤ በጣቱ የሚያነብ ሰው የሚፈልገው እዚያ ነው። አማርኛው ከታች ወይም ከጎን በሌላ ሰሌዳ ይሁን። በሕግ የሚጠየቀው አብሪ የመውጫ ምልክትም እንዳለ ይቅር።


ሰባተኛ_ፎቅ፦

ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልን። ሁለት ነገር ቀረ። አንደኛ፣ አስተዳደሩ «ስድስቱንም ቋንቋ አንድ ላይ ካላደረግን ቅር የሚለው ይኖራል» ይላል። ሁለተኛ፣ «ትግርኛ በዚሁ ፊደል ስለሚጻፍ አማርኛው ይበቃቸዋል» ብሎ ትግርኛውን ሊቀንስ ነው።


የጋራ_ግቢ መለሰ፦

ከሁለተኛው ልጀምር። አይበቃም። ፊደል አንድ መሆኑ ቋንቋውን አንድ አያደርገውም። ከኤርትራ የመጣ፣ አማርኛ ሰምቶ የማያውቅ ሰው እያንዳንዱን ፊደል ድምፅ አውጥቶ ያነበዋል፣ ትርጉሙ ግን አይገባውም። ከትግራይ የመጣ ብዙ ሰው አማርኛ ያነባል፤ ግን ያን የሚወስነው አስተዳደሩ ሳይሆን ነዋሪው ራሱ ነው። የኦሮሞ ነዋሪዎችም ካሉ ጠይቁ። ኦሮምኛ እ.ኤ.አ. ከ1991 ወዲህ በላቲን ፊደል፣ በቁቤ ነው የሚጻፈው፤ በቁቤ ተምሮ ያደገ ወጣት ፊደል ላያነብ ይችላል። ቁቤ ከተጨመረ ደግሞ የሚደጋገሙትን ፊደላት አደራ። የአናባቢው መርዘም ቃል ይለውጣል፦ «ለፈ» መሬት ነው፣ «ላፋ» ለስላሳ ነው፣ በቁቤ ልዩነታቸው አናባቢው በመደገሙ ብቻ ነው። ንድፍ ሠሪ ግን የተደጋገመውን ፊደል የትየባ ስሕተት መስሎት ያጠፋዋል። ሁዻ የምትባለዋም ጭረት እንደ ጥቅስ ምልክት ተቆጥራ ትወድቃለች። ቃሎቹ ረዘም ስለሚሉ ቦታ አስፍታችሁ ተዉ።

ምርጫው በአገር ሳይሆን በንባብ ይሁን። መጠይቅ በየበሩ ስትበትኑ «ከየት አገር ነዎት?» አትበሉ። ሁለት ጥያቄ ይበቃል፦ «በቤትዎ ውስጥ ማስታወቂያ የሚያነበው ሰው በየትኛው ቋንቋ ማንበብ ይቀለዋል?» እና «እንግሊዝኛ ማንበብ የማይችል አዋቂ በቤቱ አለ? ካለ በምን ያነባል?»። የመጀመሪያውን ብቻ ከጠየቃችሁ እዚህ ያደገው ልጅ ይመልስና «እንግሊዝኛ» ይላል፣ ቀን ቀን ቤት የሚውሉት አያቱ ይረሳሉ። አማርኛ አቀላጥፎ የሚናገር ግን ፊደል ያልቆጠረ ልጅም አለ፣ በምንም ቋንቋ የማያነብ አዋቂም አለ። ለእነሱ ሥዕል ነው። የማጨስ ክልከላው፣ በደረጃ የሚወርደው ሰው፣ ሊፍት ላይ የተሰረዘው ምልክት በዓለም አቀፉ መደበኛ ቅርጻቸው ይሁኑ፤ ንድፍ ሠሪው ከራሱ አይፍጠር።

ስድስት ቋንቋ በአንድ ሰሌዳ ላይ ማለት ማንም የማያነበው ሰሌዳ ነው። መኪናው ውስጥ ሆኖ ለሚያይ ሰው ከሁለት ቋንቋና ከሥዕሉ በላይ አይሆንም። እንዲህ ከፋፍሉት፦ ሰው እየሄደ ወይም እየነዳ የሚያየው ላይ ሥዕል፣ ቁጥርና እንግሊዝኛ፣ ቢበዛ በመጠይቁ ብዙ የወጣው አንድ ቋንቋ፤ ሰው ቆሞ የሚያነበው ላይ (ሊፍት ሲጠብቅ፣ ልብስ ሲያስገባ) በአንድ ቅርጽና በአንድ ቀለም የተሠሩ ትናንሽ ሰሌዳዎች፣ ለየቋንቋው አንድ አንድ፣ ጎን ለጎን። ሁሉም እኩል መጠን ይሁኑ። እንግሊዝኛው ትልቅ፣ የቀረው ከሥር በግርጌ ማስታወሻ መጠን ሲሆን ነው ቅሬታው የሚመጣው። እንግሊዝኛ ከየትኛውም አይቅር፣ አምቡላንስና ጥገና የሚመጣውም ያንኑ ሰሌዳ ያነባል።

ሕጉን በተመለከተ ማንም እንዳያምታታችሁ። በዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛን ከስፓኒሽ፣ ከቻይንኛ፣ ከቬትናምኛ፣ ከኮሪያኛና ከፈረንሳይኛ ጋር አውቆታል። አንድ መሥሪያ ቤት ከሚያገለግለው ሕዝብ 3 በመቶ ወይም 500 ሰው፣ ከሁለቱ ያነሰው፣ ያንን ቋንቋ የሚናገር ከሆነ ዋና ዋና ሰነዶቹ እንዲተረጎሙ ይጠይቃል። ግን የሚያስገድደው የከተማውን መሥሪያ ቤቶች ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው፣ አከራያችሁም የግል ነው። ስለዚህ «ሕጉ ያስገድዳችኋል» ብላችሁ አትጀምሩ። «የእሳት አደጋ መመሪያውን የማያነብ ነዋሪ በየፎቁ አለ» ብላችሁ የመጠይቁን ቁጥር አስቀምጡ።

ዲሲ ቻይናታውንን ያየ ሰው ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1986 የቆመው የወዳጅነት በር አለ፣ የትልልቆቹ ሱቆች ስም በቻይንኛ ፊደል ተጽፏል፤ ቻይናውያን ነዋሪዎቹ ግን አብዛኞቹ ለቀዋል። ያ ምልክት ለሰፈሩ መልክ ነው። የእናንተ የሚነበብ መሆን አለበት፤ ስለዚህ ለጌጥ ብላችሁ አንድ ቋንቋ አትጨምሩ፣ ለቦታ ብላችሁም የሚያነብ ሰው ያለውን አትቀንሱ።

በሰዓቱ ላይ ግን ከተርጓሚዋ ትንሽ እለያለሁ። የመኪና ማቆሚያው ላይ ሁለት አቆጣጠር አይጻፍ። መኪናውን የሚያነሳው ሰው በአሜሪካ ሰዓት ብቻ ነው የሚሠራው፣ ሁለት ቁጥር ካለ ክርክር ይነሳል። ቁጥሩ ከሁሉም ቋንቋ በላይ አንድ ጊዜ ብቻ በትልቁ ይጻፍ።


ተርጓሚዋ፦

በመኪና ማቆሚያው እስማማለሁ። በጸጥታ ሰዓቱና በውሃ ማቋረጫው ግን ሁለቱም ይጻፍ፤ እዚያ የሚከራከር የለም፣ የሚሳሳት ነው ያለው።

የማረጋገጫውን ነገር አልመለስንላችሁም። «ትርጉሙ ልክ ነው?» ብላችሁ ሁለት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ብቻ አትጠይቁ፤ እሱ እንግሊዝኛውን አይቶ አማርኛውን ስለሚያሟላው ስሕተቱ አይታየውም። በልኩ የታተመውን አማርኛ ብቻ፣ እንግሊዝኛ ለማያነቡ አምስት ነዋሪዎች አሳዩና «ይህን ሲያዩ ምን ያደርጋሉ?» በሉ። «ገብቶኛል» መልስ አይደለም። «ካርቶኑን ይዤ በሊፍት ወርጄ እዚያ አስቀምጣለሁ» መልስ ነው። ሁለቱ ሌላ ነገር ካሉ ቃሉ ይቀየር። በተጨማሪ የአጻጻፍ ዝርዝር አንድ ገጽ አዘጋጁ፦ «ሰዓት» ነው ወይስ «ሰአት»፣ «ጸጥታ» ነው ወይስ «ፀጥታ»፣ «ውሃ» ነው ወይስ «ውኃ»፣ «ሕንፃ» ነው ወይስ «ህንጻ»። የመረጣችሁት በሁሉም ሰሌዳ ላይ አንድ ይሁን። ከዓመት በኋላ አንዱ ተሰብሮ ሲተካ ከዚያው ዝርዝር ይሠራል።


ከሀይፋ መለሰ፦

ስለ ዕብራይስጥ አልተጠየቀም፣ ግን ይህን ውይይት እስራኤል ውስጥ የሚያነብ ካለ ይጠቅመዋል። አማርኛና ዕብራይስጥ በአንድ ሰሌዳ ላይ ሲሆኑ አንዱ ከግራ ሌላው ከቀኝ ይጀምራል። አማርኛው ከቀኝ ወደ ግራ በተስተካከለ ሳጥን ውስጥ ከተለጠፈ አራት ነጥቡና ነጠላ ሰረዙ ቦታቸውን አይለቁም፣ ዳር ላይ ያለ ቅንፍና የቃል አጋኖ ምልክት ግን ወደ ተቃራኒው ዳር ይዘላል። «9 – 12» ተብሎ በመስመሩ መጀመሪያ የተጻፈ፣ በመሀሉ ክፍተትና ረጅም ሰረዝ ያለበት ሰዓትም ተገልብጦ «12 – 9» ይሆናል። መፍትሔው የሳጥኑን አቅጣጫ ለአማርኛው ከግራ ወደ ቀኝ ማድረግና በሰረዙ ፈንታ «ከ9 እስከ 12» ብሎ መጻፍ ነው። ቀስቱ ለሁለቱም አንድ ብቻ ይሁን፣ መሀል ላይ።


ሰባተኛ_ፎቅ፦

በጣም ጠቅማችሁናል። ትግርኛው እንዲቀጥል ጠይቀናል፣ መጠይቁም በሁሉም ቋንቋ ወጥቷል። የተስተካከለው አማርኛ እስካሁን ይህን ይመስላል፣ እዩልን።

በር፦ «ይግፉ»
የእሳት አደጋ፦ «እሳት ሲነሳ በሊፍት አይውረዱ። በደረጃ ይውረዱ። 911 ይደውሉ።»
የጸጥታ ሰዓት፦ «ከ10:00 ፒኤም እስከ 7:00 ኤኤም (በሐበሻ ሰዓት ከምሽቱ 4 እስከ ጠዋቱ 1) ድምፅ ማሰማት ክልክል ነው።»
መኪና ማቆሚያ፦ «ያለ ፈቃድ የቆመ መኪና በባለቤቱ ወጪ ተጎትቶ ይወሰዳል።»
ቆሻሻ መጣያ፦ «ካርቶን እዚህ አይጣልም። አጣጥፈው ምድር ቤት ያስቀምጡ።»


ሰሌዳ_ሠሪ፦

የእሳቱን በሦስት መስመር ክፈሉት፣ በየአራት ነጥቡ። «911 ይደውሉ» የሚለው ብቻውን በመጨረሻው መስመር ላይ በትልቁ ይሁን።


ተርጓሚዋ፦

«ድምፅ ማሰማት ክልክል ነው» በጣም ይጠብቃል፣ ሰው በቤቱ ማውራትም አይችልም ማለት ነው። «ጎረቤት የሚረብሽ ድምፅ ክልክል ነው» ይባል።

የመጨረሻውም ይቀየር። «ምድር ቤት» ለአንዱ ከመንገድ የሚገባበት ወለል ነው፣ ለሌላው ከመሬት በታች ያለው። ካርቶኑ መግቢያው አዳራሽ ተከምሮ ያድራል። የካርቶኑ ሣጥን ከታች ከሆነ «አጣጥፈው በሊፍት ወደ ቢ ይውረዱ፤ ሰማያዊው ሣጥን ውስጥ ይጨምሩ» በሉ፤ «ቢ» የምትለዋ አዝራሩ ላይ እንዳለችው በላቲን ትጻፍ፤ የሣጥኑም ቀለም ሰማያዊ መሆኑን ወርዳችሁ አረጋግጡ።